ዘመድ ውሃ አይገባም

ገርዳ ቦስማን የማያውቅ ሰው እኛ ካምፕ አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም ማለት ነው። ድንኳናችሁን ተክላችሁ ሳትጨርሱ ከች ትላለች። ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም። «ያ ውሻ የማነው? ገመዱስ የታለ? እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት ወይስ እሱ ነው እናንተን ያመጣችሁ?» ትላለች። ማገዶ ከቤቱ ጭኖ የመጣ ሰው ካገኘችማ አለቀለት። «የዛፍ ትል ጭነህ መጥተህ ዛፋችንን ልታስበላው ነው? በል አሁኑኑ መልስ!» ሰውየው ዳኛ ይሁን ቄስ ግድ የላትም።

እኔ ሎይስ እባላለሁ። እኔና ባሌ ቨርሊን በየበጋው ከእሷ ተጎታች ቤት አጠገብ ያለው ቦታ ላይ ስናርፍ ኖረናል። ልጆቻችን እዚያው አሸዋ ላይ ድክ ድክ ብለው ነው ያደጉት። ስለዚህ ስለ ገርዳ ለመናገር ከማንም በላይ መብት አለኝ፤ ከማንም በላይ የተጣላኋትም እኔ ነኝ። የልብስ ማስጫ ገመዴን ከዛፍ ላይ ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ እጄ ላይ ያስቀመጠችልኝ ሴት እኮ ናት! «ዛፉ ያንቺ ካልሲ መስቀያ አይደለም» ብላ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዕድሜዋን የጨረሰችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው። በእኛ አካባቢ ከደከመው ሽማግሌ በስተቀር በእሷ አውቶቡስ ያልተመላለሰ የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ ወጣች፣ ባሏ አረፈ፣ ልጇ አግብቶ ራቅ ያለ ከተማ ገባ። ቤት ውስጥ ተቀምጣ ግድግዳ ማየት አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ በረዶው ቀልጦ የፓርኩ በር ሲከፈት ተጎታች ቤቷን በፒክአፕዋ እየሳበች ትመጣለች፣ ቅጠል ሲረግፍ ትሄዳለች። ፓርኩ ቦታውን በነጻ ይሰጣታል፣ እሷ ደግሞ ካምፑን ትጠብቃለች። የጠፋ ውሻ፣ የተደፈነ መጸዳጃ፣ ሰክሮ የሚያስቸግር ጎረምሳ፣ ሁሉም የገርዳ ነው። ቨርሊን «ይቺ ሴት አውቶቡሱን አቆመች እንጂ ከመሪው አልወረደችም» ይል ነበር።

ሰው ሁሉ ግን ያማታል እንጂ ይፈልጋታል። ምክንያቱም ሐይቁ አለ።

ሐይቅ ይበሉት እንጂ ማዶው አይታይም። አሸዋው ነጭና ደቃቅ ነው፣ ሰው ሁሉ በእሱ ይታለላል። እኛ ዳርቻ ላይ የሚጠብቅ ዋናተኛ የለም፤ ያለው ባንዲራ ብቻ ነው። ቀይ ሲሰቀል አትግቡ ነው፣ አረንጓዴ ሲሰቀል እንደፈቀዳችሁ። ሰው ውሃ ውስጥ ጠፋ ሲባል ታዲያ ማንም ከየትም እስኪመጣ አንጠብቅም። ገርዳ የፒክአፕዋን ክላክስ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጋ ትነፋዋለች። ያን ጊዜ ቋሊማ የሚጠብሰውም፣ ካርታ የሚጫወተውም፣ የተኛውም እየሮጠ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሰንሰለት እንሠራለን። ክንድ ለክንድ እንቆላለፋለን። ረጅሞቹ ወደ ጥልቁ፣ አጫጭሮቹ ወደ ዳሩ። ከዚያ ሁላችንም በአንድ መስመር፣ እግራችንን በአሸዋው ላይ እየጎተትን፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን እንሄዳለን። ዓይን እዚያ ምንም አያይም። የሚፈልገው እግር ነው።

እኔ ገብቼበት አውቃለሁ። ለጠላቴም አልመኘው። እግራችሁን ሣር በነካው ቁጥር ልባችሁ ቀጥ ይላል። ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ፣ እንዳታገኙ ነው የምትጸልዩት።

ገርዳ ለሰንሰለቱ አንድ የማይሻር ሕግ አላት፤ ዘመድ ውሃ አይገባም። እናት፣ አባት፣ ወንድም የሆነ ሁሉ አሸዋው ላይ ይቀራል። ዘመድ ከገባ ክንዱን ይለቃል፣ ልጥለቅ ይላል፣ መስመሩ ይበጠሳል፤ የሚያድነው ቀርቶ እሱም ይጨመራል። ደግሞም እግሩ የሚያገኘውን ነገር ማንም እናት በእግሯ ልታገኘው አይገባም። ስለዚህ እናቲቱን የምትይዛት ራሷ ገርዳ ነች። በእነዚያ መሪ ባዞሩ ክንዶች ግጥም አድርጋ ይዛ አሸዋው ላይ ታስቀምጣታለች። የረገሟት ብዙ ናቸው። አንዷማ ነክሳታለች። ብዙውን ጊዜ፣ ተመስገን ነው፣ የጠፋው ልጅ ከሰው ድንኳን አይስክሬም ሲልስ ይገኛል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የዚያን ቀን ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር። ለእኛ የምሥራቅ ነፋስ ማለት ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ነው። እንግዳ ሰው ያን ቀን ሐይቁን ቢያየው ይወደዋል። ማዕበል የለም፣ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ለጥ ብሏል። ባንዲራውም አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ያ ነፋስ ላይ ላዩን ያለውን ሙቅ ውሃ እየገፋ ወደ መሀል ይወስደውና ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ይወጣል። ትናንት ስንንቦጫረቅበት የዋልነው ውሃ በማግስቱ አጥንት ይበሳል። በአየር የተነፋ ነገርማ አንዴ ከዳር ከተነሳ በቃ፣ ሄደ ነው። ገርዳ ከጠዋት ጀምራ በየድንኳኑ እየዞረች «የተነፋ ነገራችሁን እሰሩ! የዛሬው ነፋስ ወሳጅ ነው!» ስትል አርፍዳለች።

አንድ ኮልተን የሚባል ቀይ ጺም ያለው ጎረምሳ ነበር። ማገዶውን በጠዋት አስመልሳው ቂም ይዞባታል። «እሜቴ፣ ነፋሱንም በገመድ ያስሩት እንጂ!» አላት።

«አንተን ባሰርኩ ይሻለኝ ነበር» ብላው አለፈች።

በዚያ ሳምንት የልጇ ልጅ ብሪና እሷ ጋ ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም፣ ወሬዋ ግን አያልቅም። እናቷ ጆዲ አብራ መጥታ ነበር። ጆዲና ገርዳ እንደ ማንኛውም ምራትና አማት ናቸው፤ ፈገግ ይባባላሉ፣ ጥርሳቸውን ግን ነክሰው ነው። ያን ዕለት ጆዲ በረዶና በቆሎ ልትገዛ ወደ ከተማ ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ ሆና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«የሰውን ልጅ ሁሉ ሲጠብቁ የእኔዋን እንዳይረሷት፣ አደራ» አለቻት።

ገርዳ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኔ ያንቺን ባል ጨምሮ ስንቱን አመላልሻለሁ። አንድም ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም» አለች። ጆዲ መስኮቱን ዘግታ ሄደች። ገርዳ ወደ እኔ ዞራ «ሰማሽልኝ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ክፉ ነኝ፤ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ የማገዶ ቁጥጥርሽን አይታ እኮ ነው» አልኳት። ሳቀች። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቋ ያ ነበር።

ከምሳ በኋላ አሸዋው ላይ ተቀምጠናል። ብሪና ሮዝ ቀለም ያለውን የመንሳፈፊያ ጎማዋን ይዛ ከዳሩ ጉድጓድ ትቆፍራለች። አንድ ሰው መጥቶ የሴቶቹ መጸዳጃ ሞልቶ ፈሰሰ አለ። ገርዳ ተነሳች። «ብሪና፣ ከዚህ አሸዋ ንቅንቅ እንዳትዪ። ውሃው ከጉልበትሽ አይለፍ» አለቻት። ልጅቷም «እሺ አያቴ» አለች። እኔ ባርኔጣዬን ፊቴ ላይ ደፋሁ። እንድጠብቃት ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ።

የነቃሁት ገርዳ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው። ጮኻ ቢሆን ኖሮ አልደነግጥም ነበር፤ ስትጮህ ነው የኖረችው። ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል።

«ሎይስ፣ ብሪናን አይተሻታል?»

ጉድጓዱ አለ። ነጠላ ጫማዋ አለ። ልጅቷ የለችም፣ ጎማውም የለም።

«ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናላ» አልኩ።

«ከዚያ ነው የመጣሁት።»

ተያይዘን የአሸዋውን ኮረብታ ሽቅብ ሮጥን። ካምፑ ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ከዚያ ሐይቁ አይታይም፣ የሰው ድምፅም አይሰማም። ተጎታች ቤቷ ውስጥ ገባን። አልጋ ሥር አየን። ደጅ ያለው ጠረጴዛ ላይ ግማሹ የተበላ ኮክ ተቀምጦ ዝንብ ወሮታል። መጫወቻ ቦታው ላይ ሌሎች ልጆች አሉ፣ ብሪና የለችም። «አላየናትም» አሉ። ገርዳ እየሮጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየች ይሁን እየተሳደበች አላውቅም።

ወደ ዳርቻው ስንመለስ ቨርሊን ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ መሀል ያያል።

«ያ ምንድነው?» አለ።

እኛም አየነው። ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ ለጥ ባለው ውሃ ላይ አንዲት ሮዝ ነጥብ። ነፋሱ ይዟት እየሄደ ነው።

«ሰው አለበት?» አለች ገርዳ። «ቨርሊን፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው፤ ሰው አለበት?»

«አይታየኝም ገርዳ።»

«አይታይህም ወይስ የለም?»

ገርዳ አሸዋው ዳር ወዳቆመችው ፒክአፕዋ ሮጠች። ክላክሱ ሦስት ጊዜ ረዘም ብሎ ጮኸ። ያን ድምፅ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን መሀል ላይ እንደ ለቅሶ ተቆራረጠ።

ሰው ከየአቅጣጫው ወረደ። አሸዋው ላይ የነበሩት ልጆች እንደለመዱት ወደ ካምፑ ሽቅብ ሮጡ። አንድ ሰው ስልክ ደወለ፤ የፖሊስ ጀልባ ከወደቡ እስኪመጣ ጊዜ ይፈጃል አሉት። በእጅ የሚቀዘፍ ትንሽ ጀልባ የነበራት ሴት ወደ ሮዟ ነጥብ መቅዘፍ ጀመረች። ሌሎቹ ክንድ ለክንድ መያያዝ ጀመሩ። ከዚያ ገርዳ ጫማዋን አውልቃ ጥላ ወደ ውሃው ገሰገሰች።

ከፊቷ ቆምኩ። «ወዴት ነው?»

«ዞር በይ ሎይስ።»

«ዘመድ ውሃ አይገባም።»

«ዞር በይልኝ ብያለሁ!»

«የማን ሕግ ነው? ስንት እናት ነው በዚህ ሕግ እዚህ አሸዋ ላይ ያስቀመጥሽው?» ክንዷን ያዝኩት። አሽቀነጠረችኝ። ደግሜ ያዝኳት፣ በዚህኛው ከኋላ ነበር፣ በሁለት እጄ ወገቧን። ተያይዘን ወደቅን። እኔ ቀጭን ሴት አይደለሁም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግዜርን በዚያ አመሰገንኩት።

ቨርሊን መጥቶ ከላያችን ቆመ። ሁልጊዜም ጥልቁን የሚይዘው እሱ ነው፤ ከካምፑ ሁሉ ረጅሙ ነዋ። ባለፈው ክረምት ግን የልቡ ደም ሥር ተደፍኖ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገብቶለታል። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካ ነግሮታል፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ እሱም ሰምቷል።

«ልብህስ?» አልኩት።

«ትቼው አልሄድም፣ ይዤው ነው የምገባው» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ገርዳ፣ እኔ አለሁ። እሺ?» አላት። እሷ አላየችውም። ዓይኗ ውሃው ላይ ነው። እኔ ምን ልበል? አትግባ ልበለው? የልጅቷን አያት በእጆቼ መሀል ታቅፌ፣ እንዴት አድርጌ አትግባ ልበለው?

ገቡ። የቅዝቃዜው ነገር ወዲያው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ትልልቅ ወንዶች ውሃው ሆዳቸው ላይ ሲደርስ እንደ ሕፃን ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ከቨርሊን ቀጥሎ ያለውን ቦታ የያዘው ያ ኮልተን የሚባለው ባለ ጺሙ ልጅ ነው። «ሽማግሌው፣ ክንድህን አጥብቀህ ቆልፍ» ሲለው ሰማሁ። መስመሩ ቀስ እያለ ሄደ። በየመሀሉ አንዱ «ቁም!» ይላል፤ ሁሉም ይቆማል። ገርዳ በክንዶቼ መሀል ድንጋይ ትሆናለች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በእጁ ይዳስሳል፣ ግንድ ያወጣል፣ ወይም ምንም አያወጣም። «ቀጥል!» ይባላል። እሷ ትንፋሽዋን ትለቃለች። እንደገና «ቁም!»

«እንዲህ ነው እንዴ?» አለችኝ ገርዳ።

«ምኑ?»

«እዚህ መቀመጥ።»

አጥብቄ ያዝኳት።

ከዳር እስከ ዳር ደረሱ። ምንም የለም። አንዳንዱ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ የወጣ ግን የለም። በዚህ መሀል ባለ ጀልባዋ ሴት ተመለሰች። ሮዙን ጎማ ከፊቷ ጭናዋለች። ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ባዶ ነበር።

ገርዳ ያወጣችውን ድምፅ መልሼ መስማት አልፈልግም። «ሁለተኛው ጀርባ!» ብላ ጮኸች። «ቨርሊን! ሁለተኛውን ጀርባ እዩልኝ!»

የእኛ ሐይቅ ከዳሩ ወጣ ሲሉ ይጠልቃል፣ ከዚያ እንደገና የአሸዋ ጀርባ መጥቶ ከፍ ይላል። በመሀል ያለው ጎድጓዳ ለረጅም ሰው እስከ አገጭ ነው። በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ሁለተኛ ዙር፣ ያውም በጎድጓዳው፣ ገርዳ ማንንም አዛ አታውቅም ነበር። ሰው አይታዘዝም፣ ሰው ይጠየቃል ትል የነበረችው እሷ ነች። እኔ ውስጤ ነደደ። እነዚህ ሰዎች ልጆች አሏቸው፣ እኔ ባል አለኝ። አፌን ግን መክፈት አልቻልኩም። ቨርሊን ከውሃው ውስጥ ወደ እኔ አየ። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ከፍ ለማድረግ ሞከረ፣ ክንዱ በብርድ ደንዝዟልና አልቻለም። ከዚያ ዞሮ ወደ ጎድጓዳው መራቸው።

ብዙ አልሄዱም። ውሃው አንገቱ ላይ፣ ከዚያ አገጩ ላይ ደረሰ። ነጭ ጭንቅላቱን አየዋለሁ። ከዚያ አላየሁትም።

ገርዳን ለቀቅኋት። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «ቨርሊን!» እያልኩ ሮጥኩ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንደ ቢላዋ ቆረጠኝ። ያን ጊዜ ከኋላ የሆነ ነገር ወገቤን ግጥም አድርጎ ያዘኝና አሸዋው ላይ ደፋኝ። ገርዳ ነበረች።

«ልቀቂኝ!»

«ዘመድ አይገባም!»

«ባሌ ነው! አንቺ ነሽ የሰደድሽው! አንቺ ነሽ!»

«አውቃለሁ። ምቺኝ። ግን አትገቢም።»

መታኋት። በእውነት መታኋት፣ ፊቷን። ጸጉሯን ያዝኩ። እሷ እጇን ከወገቤ ሳታነሳ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «እየያዙት ነው፣ ተመልከቺ፣ አልለቀቁትም፣ ተመልከቺ ሎይስ» ትለኛለች። የራሷ የልጅ ልጅ ከዚያ ውሃ ሥር ያለችባት ሴት እኮ ናት እንዲህ የምትለኝ! ቀና ብዬ አየሁ። ከውሃው በላይ የሚታየው የኮልተን አፍንጫ ብቻ ነው። የቀረው የሰውነቱ ክፍል ወደ ጥልቁ ተስቧል። አንድ ክንዱ መስመሩን፣ ሌላኛው ክንዱ ከውሃ ሥር አንድ ነገር ይዟል። «ሳቡ!» ሲል አፉ ውሃ ሞላ። መስመሩ በሙሉ ወደ ኋላ ተጎተተ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው፣ ሁሉም ተደግፎ ሳበ። ከመስመሩ የለቀቀ አንድም ሰው የለም።

ቨርሊንን አውጥተው አሸዋው ላይ አስተኙት። ገርዳ ያን ጊዜ ነው የለቀቀችኝ። አንዲት ነርስ ነኝ ያለች ሴት ደረቱን ተጫነችው። ውሃ ተፋ። እንደገና ተፋ። ትንፋሹ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ እየጮኸ ገባ። የተደወለለት አምቡላንስም መጥቶ ኖሯል፤ ብርድ ልብስ ደራረቡበት፣ ኦክስጅን አፉ ላይ አደረጉለት። እጁን ያዝኩት። እንደ በረዶ ነበር። ዓይኖቹ ግን ይንቀሳቀሳሉ። «አልሞተም» አለችኝ ነርሷ፣ «ግን ዝም ብሎ ይተኛ።»

ገርዳ ከእግሩ በኩል ቆማለች። ጉንጯ ላይ የጥፍሬ ምልክት ይደማል። ወደ ውሃው አየች፣ ወደ እኛ አየች። መስመሩ ውስጥ የነበሩት እየተንቀጠቀጡ ዙሪያዋን ቆመዋል። «እንድገም?» አላት ኮልተን። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው። «ካሉ እንደግማለን እሜቴ።»

ገርዳ ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸው። «አይ» አለች። «አይ ልጆቼ። በቃ። ውጡ።»

ምን እንዳለች ገብቷችኋል? ልጄን ተዉአት ነው ያለችው። እንዲህ ብላ እዚያው ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ነው ከኮረብታው ላይ ጆዲ ብቅ ያለችው። በአንድ እጇ ልጅ እየጎተተች ነው። ልጅቷ ብሪና ናት።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች ጆዲ። «ምን ሆናችሁ ነው? እማማ፣ ይህችን ምን ብለዋት ነው? የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አልነሳም ብላኝ ስንታገል ቆየን። ‹አያቴ ራሷ ካልመጣች አልነሳም› ትለኛለች!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የቀረውን ኋላ ከልጅቷ ሰማሁ። ልጅቷ አንድ ቤተሰብ የውሻ ቡችሎች አሉት ሲባል ሰምታ በጓሮው መንገድ ልታይ ሄዳለች። ጎማዋን አሸዋው ላይ ጥላዋለች፣ ነፋሱም ወስዶታል። እኛ ቤቷን ስንበረብር እሷ ቡችላ ታቅፋ ነበር። ከዚያ ክላክሱ ጮኸ። ገርዳ ለካምፑ ልጆች ሁሉ ያስተማረችው ነገር ነው፤ ክላክስ ሲሰማ ልጅ የሆነ ሁሉ ሮጦ የየራሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ መጥታ «አበቃ» እስክትለው ንጉሥ ቢመጣ አይነሳም። ብሪና የአያቷን ቃል አክብራ፣ በዚያው በጓሮው መንገድ ሮጣ ሄዳ፣ ያ ግማሽ ኮክ አጠገብ ተቀመጠች። እኛ አንዴ አይተን የለችም ያልንበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጠችው። በየጠረጴዛው ዞራ ልጆቹን የምታየው ገርዳ ብቻ ነበረች፤ ገርዳን ደግሞ እኔ አሸዋው ላይ ይዣታለሁ።

ገርዳ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። እጇን ብቻ ዘረጋች። ልጅቷ መጥታ ከፊቷ ቆመች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አያቴ» አለች፣ «የጠፋው ልጅ ተገኘ? እዚያ ሆኜ እየጸለይኩለት ነበር።»

ኮልተን ፊቱን አዞረ። ጆዲ አንዴ ልጇን፣ አንዴ አሸዋው ላይ የተዘረጋውን ሰውዬ፣ አንዴ ደግሞ ውሃ የሚንጠባጠብበትን ሕዝብ አየችና የያዘችውን በቆሎ ለቀቀችው። ገርዳ የልጅቷን ነጠላ ጫማ አንስታ እግሯ ላይ አጠለቀችላት።

ከብርድ ልብሱ ሥር እጅ ወጣ። ቨርሊን ኦክስጅኑን ከአፉ ገለል አደረገ።

«አዎ የኔ ቆንጆ» አላት፣ በዚያ በሰለለ ድምፁ። «አሁን ተገኘ።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «ዝም ብለህ ተኛ አልተባልክም? አፍህን ዝጋ፣ እሱንም አፍህ ላይ መልሰው!» ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍቼ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ።